ከለቅሶ በኋላ የሚሞላ ገጽ

ከዞን የደወለው ሰው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም። የላካችሁልን የሞት ምዝገባ ፋይሎች እኩሌታቸው ባዶ ናቸው አለ። ፒዲኤፉ ይከፈታል፤ የገጹ ቁጥር ከታች ይነበባል፤ ገጹ ግን ነጭ ነው። ከገና በፊት ተስተካክሎ ካልደረሰኝ ሪፖርታችሁን አልቀበልም ብሎ ዘጋው።

ማኅሌት ስልኩን አስቀምጣ ጥቂት አሰበች። የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ስትሠራ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ “ባዶ ነው” የሚል ሰው ምን እንዳየ ገና አልተናገረም የሚለው ነው። ነጭ ነው ወይስ ግራጫ? ገና ሲከፈት ነው ወይስ ቆይቶ? በሁሉም ማሽን ላይ ነው ወይስ በአንዱ? ሲታተምስ? ይህን ሳይለዩ ለመጠገን መነሣት ታማሚውን ሳያዩ መድኃኒት ማዘዝ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ በላሊበላ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚወጣው መንገድ ጥግ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። የከተማውም የዙሪያው ቀበሌም ሰው ሲወለድ፣ ሲጋባ፣ ሲፋታና ሲሞት እዚያ ይመዘገባል። መዝጋቢው አቶ ደሳለ ጡረታቸው የቀረበ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው፤ ማኅተም ሲመቱ እንኳ ድምፅ አይሰማም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሐምዲያ ደግሞ ከማኅሌት ጋር ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የምትቀመጥ፣ ምሳዋን ከእርሷ ጋር የምትካፈል ጓደኛዋ ናት።

ማኅሌት ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ልጁ ከጥምቀት በኋላ ይጠበቃል። ከልጁ እኩል የምትጠብቀው ሌላ ነገርም ነበራት፤ የወንድሟን ስልክ። ስሙ የአብስራ ነው፤ ለእናታቸው የመጨረሻ ልጅ። በመስከረም ከአገሩ ጎረምሶች ጋር ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። ሲሄድ፣ እታለም፣ ለክርስትናው እደርሳለሁ፣ እኔ ሳልመጣ ስም እንዳታወጡለት ብሏት ነበር። ከጥቅምት አጋማሽ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። ባሏ ኪዳን ቆላው ውስጥ መስመር የለም ይላታል። አብረውት ከወረዱት ሁለቱን ቅዳሜ ገበያ አግኝታ ብትጠይቃቸው፣ አንዱ እኔ በሌላ እርሻ ነበርሁ አላት፤ ሌላው ጥያቄዋን ሳትጨርስ በግ እንዳያመልጠው ብሎ ሄደ። በጉ እንኳን ሊያመልጥ ከተኛበት አልተነሣም ነበር።

ቢሆንም ማኅሌት ባላየችው ነገር ላይ ፍርድ አትሰጥም። ወንድሟ ዝም አለ እንጂ ጠፋ አልተባለም።

የመጀመሪያውን ፋይል በራሷ ኮምፒውተር ስትከፍተው ገጹ ባዶ ሆኖ አልመጣም። ጽሑፉ፣ ማኅተሙ፣ የምስክሮቹ የጣት አሻራ ለዓይን ቅጽበት ብቅ አለና፣ ሰው ከመስኮት አጮልቆ አይቶ መጋረጃውን እንደሚመልስ ሁሉ፣ መልሶ ነጭ ሆነ። ዘግታ ከፈተችው። እንደገና ብቅ ብሎ ጠፋ። ሐምዲያ ከጀርባዋ ቆማ ታይ ነበር።

“ወላሂ ይሄስ የማሽን ነገር አይደለም” አለች። “ጸበል ውሰጂው። እናንተ ለሁሉም ጸበል አይደል?”

“እናንተስ?”

“እኛማ ቁጭ ብለን ዱዓ እናደርግለታለን። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ካልተሻለው ግን እኔ ቤቴ ነኝ።”

ማኅሌት እየሳቀች ሥራዋን ቀጠለች። ያንኑ ፋይል በሐምዲያ ኮምፒውተር ከፈተችው፤ ነጭ ነው። በፍላሽ ወስዳ በጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አዲስ ላፕቶፕ ከፈተችው፤ ይነበባል። ከላፕቶፑ ወደ ፕሪንተር ላከችው፤ ጥርት ብሎ ወጣ። እንግዲያው ጽሑፉ አለ፤ የታወረው የሚያነበው ማሽን ነው። ፋይሎቹን በሁለት ከፈለቻቸው። አንዳንዶቹ በአዲሱ ስካነር የተቃኙ ናቸው። ስካነሩ ገጹን አጥብቆ የሚጨምቅበት ዘዴ አለው፤ የቢሮው አሮጌ ማንበቢያ ፕሮግራም ያን መፍታት አይችልም፤ አስቀድሞ ትንሿን ምስል ያሳይና ትልቁን መፍታት ሲያቅተው ነጩን ትቶ ያርፋል። ሌሎቹ በኮምፒውተር የተተየቡ ናቸው። የአማርኛው ፎንት ከፋይሉ ጋር አልታሸገም፤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ፊደሎቹ ይጠፋሉ።

ምክንያቱ ከታወቀ የቀረው ትዕግሥት ነው። ማንበቢያውን በየኮምፒውተሩ አደሰች። ስካነሩን ወደ ተራው አሠራር መለሰች። የተተየቡትን ከነፎንታቸው እንደገና አስቀመጠች። መብራት እየመጣ እየሄደ ሳምንቱ በዚህ አለቀ፤ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ሙታኑ በየስማቸውና በየአባት ስማቸው ተሰለፉላት።

ጥቂቶች ብቻ እምቢ አሉ።

እነዚህ ከሌሎቹ የተለዩ ነበሩ። ብቅ ብለው አይጠፉም፤ ገና ሲከፈቱ ነጭ ናቸው። በላፕቶፑም ነጭ፣ ሲታተሙም ነጭ። ማኅሌት ለብቻቸው አስቀምጣ ለአቶ ደሳለ ሄዳ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ማኅተሙን ይዘው ሳይመቱት ቆዩ። ከዚያም፣ እነርሱን ተያቸው ልጄ፣ ደግሞስ አንቺ ከአሁን ወዲያ ብዙ መቀመጥ የለብሽም፣ ፈቃድሽን ቀደም አድርጊና ዕረፊ አሏት።

ሰው ሁሉ በዚያ ሰሞን ደግ ሆኖላት ነበር። ኃላፊው ከባድ ሥራ አይሰጧትም። ሐምዲያ ቦርሳዋን እስከ በር ትይዝላታለች። ሰዎች ሲያወሩ ከደረሰች ወሬው ይቋረጥና ስለ ልጁ ይጠየቃል፤ ይገፋል ወይ፣ ይተኛል ወይ፣ ሴት ነው ወንድ። ማኅሌት ይህን ሁሉ የሆዷ በረከት አድርጋ ቆጥራው ነበር።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በለቅሶ ድምፅ ነቃች። ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ያላት ጽጌማርያም ናት አሉ። አባቷ ከአሸተን በላይ ካለው አገራቸው ካረፉ ሰንብተዋል። ወንድሞቿ ከየሄዱበት እስኪሰበሰቡ ድረስ ለእርሷ አልተነገራትም። በአገሩ ልማድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎችና የነፍስ አባት ተሰብስበው ሄደው በር ያንኳኳሉ። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ በዚያ ሰዓት እነርሱን ተሰልፈው ሲያይ፣ ገና አንድ ቃል ሳይወጣቸው ያውቃል። በማለዳ ሽማግሌ ለሌላ ነገር አይመጣም። ከዚያ በፊት ግን ነገሩን ማንም አይነግረውም። የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይስቃል፣ አብሮት ይበላል። ጽጌማርያምም ያን ሁሉ ቀን የአባቷን ሞት ለሚያውቁ ሰዎች ሻይ ስትቀዳ፣ ስኳር ስትጨምር፣ በነገር ስትወጋቸውና ስታስቃቸው ነበር።

ማኅሌት ለቅሶ ደርሳ አርፍዳ ቢሮ ገባች። ከምሳ በኋላ ዐርብ የተወቻቸውን ነጫጭ ፋይሎች ከፈተች። አንዱ ሞልቶ ጠበቃት።

የጽጌማርያም አባት ስም ነበር። የሞቱበት ቀን፣ የበሽታቸው ዓይነት፣ የምስክሮች ፊርማ፣ ማኅተሙ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ዐርብ ነጭ ነበር፤ በሦስት ማሽንም ሲታተምም ነጭ ነበር። ዛሬ ማለዳ ተለቀሰ፤ ዛሬ ከሰዓት ሞላ። 

እርሷ ግን ሳትመረምር የምትቆም ሰው አይደለችም። ፋይሉ መቼ እንደተለወጠ አየች፤ ዛሬ ነው። ከየትኛው ማሽን? ከአቶ ደሳለ። እንግዲያው የሰው እጅ ነክቶታል። ይህ ሊያረጋጋት በተገባ ነበር፤ አላረጋጋትም። ሐምዲያን፣ ይሄ ገጽ ዐርብ ባዶ አልነበረም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሐምዲያ መሳቢያዋን ከፍታ የማትፈልገውን ነገር ስትፈልግ ቆየች።

“አብሽሪ” አለች መጨረሻ ላይ፣ ቀና ሳትል። “ሞላ አይደል? የሞላ ነገር ምን ያስጨንቅሻል?”

ረቡዕ ማለዳ ደግሞ ከከተማው ግርጌ ተለቀሰ። ሳትቸኩል ለባብሳ፣ ሳትቸኩል ቢሮ ገብታ፣ እኩለ ቀን እስኪያልፍ ጠበቀች። ስትከፍተው ሌላ ገጽ ሞልቷል። የግርጌው ሰፈር ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ማኅሌት ሳትፈልግ ጎሕ ሲቀድ መንቃት ጀመረች። ኪዳን አጠገቧ ተኝቶ ሲተነፍስ እርሷ ጣሪያውን እያየች ታዳምጣለች። ውሻ ቢጮህ የት በኩል ነው ትላለች። የገና ተጓዦች መምጣት ጀምረው ነበርና የእግራቸው ድምፅ በመንገዱ ያልፋል። ከመካከሉ ለቅሶ እስኪለይ ትጠብቃለች። እየፈራች ነው ወይስ እየመዘገበች፣ ራሷም አላወቀችም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ለቅሶ ከተሰማ ገጽ ይሞላል፤ ካልተሰማ ነጭ ነው።

ዐርብ ዕለት ነጩን ራሱን ልትመረምር ተቀመጠች። ይህን እስካሁን አለማድረጓ አስገርሟታል። ሰው ገጹ ላይ የሌለውን ይፈልጋል እንጂ ነጩን አያይም።

አስቀድማ ክብደታቸውን አየች። በእርግጥ ምንም የሌለበት ፋይል ቀላል ነው። እነዚህ ግን ከተጻፈባቸው እኩል ይከብዳሉ። ስለዚህ ነጩ ባዶነት አይደለም፤ የአንድ ነገር ፎቶ ነው። ምስሉን ቀስ እያለች አጠቆረችው። ነጩ ወደ ግራጫ ሲወርድ የወረቀት ጭረት ታየ፤ ቀጥሎም በገጹ ዳር ቀጭን ጥላ፤ ከታች በቀኝ ጥግ ደግሞ የሌላ ወረቀት እጥፋት፣ ከነጩ ሥር ሾልኮ የወጣ። በማዕዘኑ ላይ የማኅተም ጫፍ፣ እንደ ጥፍር የቀጠነ።

አንድ ሰው በተጻፈው ወረቀት ላይ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ጣል አድርጎ ሁለቱን አብሮ በስካነር አሳልፏቸዋል።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠላት። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ልታወጣ መጥታ ነበር። ተገልጋዩ ስሙን አይቶ እንዲያረጋግጥ ተብሎ ስክሪኖቹ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበርና፣ ፋይሎቹ ሲገላበጡ ልጅቱ የአባቷን ስም ከሞት መዝገብ ላይ አነበበች። አባትሽ ደሴ ሆስፒታል ተኝቷል ተብላ ነበር። እዚያው መስኮቱ ሥር ወደቀች፤ ጩኸቷን ማኅሌትም ሰምታለች። ዱሮ ወረቀቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ መርዶው እስኪነገር ይቀመጥ ነበር። አሁን በየኮምፒውተሩ ይታያል። አቶ ደሳለ ሞትን በሰዓቱ መመዝገብ ግዴታቸው ነው፤ ወረቀቱ በስካነር አለፈ ብለው ይፈርማሉ፤ ሳያሳልፉ አይፈርሙም። ስለዚህ ያሳልፉታል፤ ሸፍነው። ሟችን በነጭ ይሸፍኑታል እንጂ የለም አይባልም። መርዶው ሲነገር ደግሞ ነጩን አንሥተው እንደገና በስካነር ያሳልፉታል።

ማኅሌት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ልቧ አረፈ። ብልሽት አልነበረም፤ መናፍስትም አልነበሩም። የሰው ብልሃት ነበር። የቀሩት ነጫጮች ገና ያልተነገራቸው ሰዎች ናቸው፤ ምስኪኖች፣ አለች በልቧ። ለዞኑ ምክንያቱን ስትገልጽ እንዳትሳሳት የቀሩትን ፋይሎች መለያ ቁጥር ማየት ጀመረች። በመለያው መጀመሪያ ያሉት አኃዞች ቀበሌውን ያመለክታሉ። አንዱ የከተማው ነው። አንዱ ከሙጃ መንገድ ወዲህ ያለ ቀበሌ ነው። የመጨረሻው ቀይ ዋሻ ነው።

ቀይ ዋሻ እናቷ ወለተ ሐና ያለችበት ቀበሌ ነው።

መጀመሪያ ያደረገችው ለጎረቤት ማዘን ነበር። ማን ይሆን? ቀይ ዋሻ ሰፊ አይደለም፤ በሐሳቧ ቤት ለቤት ዞረች። የእነ አለሜ አያት አርጅተዋል፤ ግን ባለፈው ገበያ አይታቸዋለች። ወንዝ ማዶ ያሉት አዲስ ጎጆ የወጡ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያሉት መርዶ የተነገራቸው በክረምት ነው። እንዲህ እያለች ቀበሌውን አዳረሰች፣ አዳርሳም ስትጨርስ አንድ ቤት ዘላ ማለፏን አየች። ዋርካው አጠገብ ያለውን፤ ያደገችበትን።

ፋይሉ የተፈጠረበትን ቀን ከፈተች። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወደ አገሩ ስትመልሰው ጣቶቿ ላይ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ሁለቴም የኅዳር ሚካኤል ማግስት ሆነ።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት የእናቷ ወንድም ጋሻዬ እዚህ ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ አግኝታቸው፣ ለማዳበሪያ ጉዳይ ነው የመጣሁት ብለዋታል። የማዳበሪያው ቢሮ ከተማው ማዶ ነው። ጋሻዬ ቆሎም ቢሆን፣ እሸትም ቢሆን ሳይቋጥሩ ደጇን ረግጠው አያውቁም፤ ያን ቀን እጃቸው ባዶ ነበር። ሻይ ላጠጣዎት ብትላቸው እምቢ አሉ። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ስመው፣ በርቺ አሏት። በርቺ የሚባለው ምን ለሆነ ሰው ነው ብላ ያኔ አልጠየቀችም።

ሐምዲያ ለሶላት ወጥታ ነበር። ማኅሌት ተነሣች። ከሐምዲያ መሳቢያ ቁልፉን አውጥታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ቁጥሩን በቃሏ ይዛዋለች፤ ክላሰሩን ለማግኘት አልተቸገረችም። ስስ ነበር። አንድ ወረቀት፣ ምናልባት ሁለት። አውራ ጣቷ ከሽፋኑ ሥር ገብቶ ቆመ። ቢከፈት አንድ ስም ነው። የሌላ ሰው ስም ሊሆንም ይችላል፤ ያላየችው ነገር ነውና። በሆዷ ውስጥ ልጁ በዝግታ ተገላበጠ፤ አንድ ጎኗ ከፍ ብሎ፣ ዝቅ አለ።

“ማኅሌት።”

አቶ ደሳለ በሩ ላይ ቆመዋል። አልገቡም። መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘውታል፤ እርሷን እንጂ ክላሰሩን አላዩም።

“አልከፈትሁትም ጋሼ” አለች።

“አውቃለሁ ልጄ።”

ከውጭ የተጓዦች መዝሙር እየቀረበ መጥቶ አለፈ። አቶ ደሳለ እስኪያልፍ ጠበቁ።

“ከጥምቀት በኋላ ነው አይደል፣ ልጁ?”

“አዎ።”

“በደኅና ይገላግልሽ። ሌላው ሁሉ ይቆያል። ነገር በጊዜው ነው።”

 የማን ነው ብትላቸው እንደማይዋሿት አወቀች። ለዚህም ነው ያልጠየቀችው። ያልተነገረው ሰው አያለቅስም፤ ጥቁር አይለብስም፤ ጸጉሩን አይላጭም፤ ደረቱን አይደቃም። እናቷ ቀይ ዋሻ ላይ በዚህ ሰዓት ልጇ ለክርስትናው ይደርሳል ብላ እያሰበች ለገና ጌሾ እየወቀጠች ይሆናል። ዞኑ በጠየቀው መሠረት ገጾቹ ዛሬ ከተሞሉ፣ ማክሰኞ የቀይ ዋሻ ሰው ሁሉ ለገና ሲወርድ ጉዳዩን ለማስጨረስ መስኮቱ ሥር ይቆማል፤ ስክሪኑ ወደ መስኮቱ ዞሯል።

ክላሰሩን እንደያዘች ወደ ስካነሩ አየች። ከዚያ ድምፅዋ ሥራ ላይ ሲሆን እንደሚወጣው ሆኖ ወጣ።

“ጋሼ፣ ከታች በኩል ጥጉ ይታያል።”

“የምኑ?”

“የሥሩ ወረቀት። ምስሉ ሲጠቁር እጥፋቱ ይለያል፤ የማኅተሙም ጫፍ አለ። እኔ አይቼዋለሁ፤ ሌላም ሰው ያየዋል። አንድ ነጭ ወረቀት አይበቃም፣ ብርሃኑ ያልፈዋል። ሁለት ያድርጉ፤ ወፍራሙን።”

አቶ ደሳለ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ አድርገውም መልሰው አወለቁት። ገብተው ክላሰሩን ከእጇ ተቀበሉ። ወረቀቱን ሲያወጡ ጀርባቸውን ሰጧት። እርሷ ከፕሪንተሩ መሳቢያ ወፍራም ወረቀት አወጣች፤ ጠርዙን በጠርዙ ላይ ገጥማ፣ እየዳሰሰች ቀና መሆኑን አረጋግጣ ሰጠቻቸው። ወደ ስካነሩ ዘንበል ብለው አስተካከሉት። ክዳኑን ዘጉ። ቁልፉን የተጫነችው እርሷ ናት። ብርሃኑ ከክዳኑ ሥር በዝግታ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ ተመለሰ።

አዲሱን ፋይል ከፍታ እስከ መጨረሻው አጠቆረችው። ግራጫ ሆነ፣ ጥቁር ሆነ። ከወረቀቱ ጭረት በቀር አንድም ነገር የለም። ሌሎቹንም፣ የከተማውንና የሙጃ መንገዱን፣ አብረው አስተካከሉ።

ከዚያ ወደ ዞን ደወለች። ጥፋቱ ከማንበቢያውና ከፎንቱ ነበር፣ ተስተካክሏል አለችው። ጥቂት ገጾች ግን ነጭ ሆነው ይቆያሉ። ሰውየው እስከ መቼ ነው ብሎ ተቆጣ። ቀናቸው እስኪደርስ አለችው። ይህን የመሰለ ምክንያት ሪፖርት ላይ እንዴት ይጻፋል ቢላት፣ ባለሙያዋ አልቻለችም ብለህ ጻፍ፣ በእኔ ስም አለችውና ስልኩን አስቀመጠች።

ማታ ሳይደርስ ኪዳን ሊወስዳት መጣ። መንገዱ በተጓዥ ተሞልቷል፤ ከየአገሩ የመጣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ቁልቁል ይፈስሳል፤ የማንም ፊት ከማንም አይለይም። ኪዳን ክንዷን ይዞ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ያሻግራታል። እንደ ሁልጊዜው ዓይኖቿን አየት አደረገ፤ አለማልቀሷን ማረጋገጡ እንደሆነ ዛሬ ገባት። ስንት ቀን እንዲህ ሲያያት እንደኖረ አሰበች፤ ጨዋታ ሲያመጣላት፣ ስትተኛ ጠብቆ ሲወጣ፣ ተመልሶም በቀዝቃዛ እግሩ ሲገባ። ርቦኛል አለችው። ደስ አለው።

ከመታጠፊያው ላይ የነፍስ አባታቸውን አባ የሻውን አገኟቸው። መስቀሉን ተሳለሙ። አባ በደኅና እንድትገላገል ጸለዩላት፤ መስቀሉን ከሆዷ ላይ ሲያሳርፉ ዓይናቸው መስቀሉ ላይ ነበር፤ ሲያነሡትም መስቀሉን ተከትሎ ወደ ሌላ ሄደ።

“አባቴ” አለች ማኅሌት።

“አቤት ልጄ።”

“ልጁን ክርስትና ካነሣነው በኋላ፣ እኔም ከተጠናከርሁ በኋላ፣ ወደ ቤት ይምጡ።” ከዚያ ጨመረች፤ “በማለዳ።”

ክንዷን የያዘው የኪዳን እጅ ቀጥ አለ። ተጓዦቹ በግራና በቀኝ እየተከፈሉ ያልፏቸዋል፤ አንድ ሰው ከኋላ ይቅርታ እያለ ገፋቸው። አባ የሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፣ ለረጅም ጊዜ፤ እርሷም ዓይኗን አልሰበረችም። 

“እናቴም እዚያው ትሁን” አለች። “ብቻዋን እንዳይሆን።”

“እሺ ልጄ” አሉ አባ። “በማለዳ እንመጣለን።”

መስቀሉን ወደ እጃቸው መልሰው ከነጩ ሕዝብ ጋር ቁልቁል ወረዱ። ማኅሌት እስኪጠፉ ድረስ ልታያቸው ሞከረች፤ ከሌላው ለመለየት ግን ብዙም አልቻለችም። ኪዳን ቆሞ ቀርቶ ነበር። ነጠላዋን አገላብጣ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና፣ ና እንሂድ፣ እየመሸ ነው ብላ እጁን እርሷ ያዘችው።